የቱ ገፀ ባህሪ ነሽ የሚለውን ኩዊዝ እንዴት እንደሰራሁት

ደብረ ማርቆስ ስንማር አንድ ኪራይ ቤት አራት ሴቶች ነበርን፣ ሁላችንም ከገጠር፣ ስንቅ ከቤት እየተላከልን። ፕሪቲ ሊትል ላየርስ የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ ያየነው እዛ ነው፣ በፍላሽ አስጭነን፣ 7 ሲዝን 160 ክፍል፣ መብራት በሄደ ቁጥር እያቋረጥን። ድራማው ላይ አራት ጓደኛሞች አሉ፣ ትምህርት ላይ ማንም እንዲበልጣት የማትፈልገው ስፔንሰር፣ ፋሽን ወዳዷ ሃና፣ ዋናተኛዋ ኤሚሊ፣ አርትና መፅሀፍ የምትወደው አሪያ። እኛም አራት ስለሆንን ማን ማንን ትመስላለች የሚለው ክርክር ማታ ማታ እንቅልፍ ነሳን።

ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ኩዊዞች ሞከርናቸው ግን ፕሮም (የአሜሪካ ሃይስኩል የጭፈራ ድግስ) ላይ ምን ትለብሻለሽ፣ የመጀመሪያ መኪናሽ ምን ቢሆን ደስ ይልሻል ምናምን ነው የሚሉት፣ እኛ ምን ብለን እንመልስ? በቃ እኔ እሰራዋለሁ አልኩ።

ጎግል ፎርም ላይ 10 ጥያቄ አወጣሁ፣ እያንዳንዱ ምርጫ ለአንዷ ገፀ ባህሪ 1 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩን ኤክሴል ላይ ሰራሁት። ከክፍላችን 20 ሴቶች ሞሉት፣ 14ቱ ስፔንሰር ሆነው ወጡ! ቁጭ ብዬ ስቆጥር ስፔንሰር በ10ሩም ጥያቄ ውስጥ አለች፣ ኤሚሊ ያለችው በ5ቱ ብቻ፣ ታዲያ ኤሚሊ ከየት አምጥታ ታሸንፋለች። በዛ ላይ ፈተና ሲደርስ አጠናለሁ የሚል ምርጫ አስገብቼ ነበር፣ ቤተሰቧ ጤፍ ሸጦ የሚያስተምራት ልጅ ይሄን ትታ ሌላ ልትመርጥ አትችልም። ስለዚህ አራቱም በሁሉም ጥያቄ እኩል እንዲገቡ አደረግኩ፣ አራቱም መልሶች ደግሞ የማያሳፍሩ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው ነገር የውጤቱ ፅሁፍ ነው። "ውጭ ጠንካራ ትመስያለሽ ውስጥሽ ግን ስስ ነው" ብዬ የሃናን ፅፌ ሳላውቅ ለአምስት ልጆች በስህተት ላክሁት፣ አምስቱም ይሄማ እኔው ነኝ አሉ። በኋላ ሳይኮሎጂ ክላስ ላይ በፈረንጆቹ 1948 በርትራም ፎረር የሚባል ሰው ለ39 ተማሪዎች የየራሳችሁ ባህሪ ነው ብሎ አንድ አይነት ፅሁፍ ሰጥቶ፣ ምን ያህል ይገልፃችኋል ሲላቸው ከ5 በአማካይ 4.26 እንደሰጡት ስንማር ደነገጥኩ። ለማንም የሚሆነውን አረፍተ ነገር ሁሉ አጠፋሁት፣ ድራማው ላይ የሰራችውን ነገር ብቻ ፃፍኩ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን ጥያቄው ነው። ታማኝ ነሽ ወይ ብትያት አይደለሁም የምትል የለችም። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ የቤታችሁ ልጅ ስንቅ አልቆባት አፍራ ዝም ብትል? ስፔንሰር ያለውን ቆጥራ ወር እንዲያደርስ ታከፋፍላለች፣ ሃና እያሳቀች ጎትታ ታበላታለች፣ አሪያ ለብቻዋ ጠርታ ታወራታለች፣ ኤሚሊ ማንም ሳያይ ከራሷ ድርቆሽ ቀንሳ የልጅቷ ጆንያ ውስጥ ትጨምርላታለች።

አብራን የምትኖረው አንዷ ሃና ወጣላት፣ ደስ አላላትም። ለምን ስላት "እኔ እኮ የመለስኩት ባደርገው ደስ የሚለኝን ነው፣ ያደረግኩትን አልጠየቅሽኝም" አለችኝ። ያን ማታ በፋኖስ ሁሉንም ጥያቄ ባለፈው እንዲህ ሲሆን ምን አደረግሽ ወደሚል ቀየርኩት። ያው 20 ልጆች እንደገና ሞሉት፣ 6 ስፔንሰር፣ 5 ሃና፣ 5 ኤሚሊ፣ 4 አሪያ። ነጥብ እኩል ሲሆን የሚለየው የድርቆሹ ጥያቄ እንዲሆን አደረግኩ። እሷም ኤሚሊ ወጣላት፣ ድርቆሹ የተጨመረላት ልጅ ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ እስከዛ ቀን ድረስ ማን እንደጨመረው አላውቅም ነበር።