ሰባት ስም የያዘች ወረቀት

ዛሬ 12 ነው፣ ሚካኤል። ማኅበራችን የወጣው ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። አንዲት ማኅበርተኛ ታመው ቀርተዋል። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ድርሻቸውን ለብቻ አነሱና «ይህቺን የሚያደርስላቸው ማነው?» አሉ። ሦስት ሰው አንዴ ተነሳ። እኔ ዳቦውን እያየሁ ሌላ ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ አልሰማኝ አለ።

በ2012 መጀመሪያ ነው። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙን እዚህ አላነሳም። ልብስ ነው የሚሰፋው። ሠራተኛው አብዛኛው ሴት ነው፤ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከጅሩ የመጡ ልጆች። አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ፍራሽ ሳይቀር በፈረቃ ይተኙበታል። የማታው ፈረቃ ሲለቀቅ ሰርቪስ የለም። በዚያ ውርጭ፣ በዚያ ጨለማ፣ ጅብ እየሰሙ እስከ ጠባሴ ሠፈር በእግራቸው ይሄዳሉ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ትርፍ ሰዓቱም ነበር። ሕጉ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል። ከምሽቱ 4 በኋላ 1.75 ነው። እኛ ጋ ግን ኮታ ካልሞላ ትርፍ ሰዓት ተብሎ አይመዘገብም ነበር። ልጆቹ ስንት ሰዓት እንደሠሩ ያውቃሉ። ስንት እንደሚገባቸው ግን የነገራቸው የለም።

አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የወጣው በ2011 መጨረሻ ነው። ስልኬ ላይ ጭኜ ማታ ማታ አነበው ነበር። አንቀጽ 114 ጋ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አሥር አባል ይበቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 መደራጀት መብት እንደሆነ ድሮም አውቅ ነበር። አሥር ሰው ብቻ እንደሚበቃ ግን አላውቅም ነበር። በሺህ ከሚቆጠር ሠራተኛ አሥር ሰው አጣለሁ ብዬ አላሰብኩም።

አጣሁ።

«ፖለቲካ ነው?» ይሉኛል መጀመሪያ። አይደለም እላለሁ። «ታዲያ ማነው የላከህ?» ይሉኛል። አንዷ ሐሳቡን ወደደችው፤ ፊርማው ላይ ስንደርስ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። የእነሱ ደሞዝ እኮ የአንድ ሰው ደሞዝ አይደለም። ታናሽ ወንድም የሚማርበት፣ ገጠር ማዳበሪያ የሚገዛበት ነው። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል በሕግ ስላልተቀመጠ ዛሬ ሥራ ያጣች ልጅ ነገ በስንት እንደምትቀጠር አታውቅም።

በሁለት ሳምንት ሰባት ሰው ፈረመልኝ። ሁለተኛዋ ፈራሚ የመርሐቤቴ ልጅ ነች፤ የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን፣ ኦቨርሎክ፣ ላይ ነበረች። «ጋሼ፣ የኔን ከላይ አድርገው፤ የኔን ሲያዩ ሌሎቹ ይፈርማሉ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ነው መጻፍ የከበደኝ።

ወረቀቱን ይዤ የፋብሪካው ሰው ኃይል ክፍል ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም። ማኅበር ለማቋቋም የአሠሪ ፈቃድ አያስፈልግም። ይህንን አንብቤዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ግን ያደግኩት እንዲያ ነው። ትልቅ ሰው ሳያውቅ ነገር አይጀመርም። ኋላ ሰምተው ቅር ከሚላቸው አስቀድሜ ላሳውቃቸው አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ኃላፊው በደንብ ተቀበለኝ። ሻይ አዘዘልኝ። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ኮፒውን ተውልን» አለኝ። ተውኩለት።

ከአሥር ቀን በኋላ የመርሐቤቴዋ ልጅ ኮንትራቷ አልቋል ተባለች። ከእሷ ጋር ኮንትራታቸው ያበቃ ሌሎች ነበሩ፤ የእነሱ ታደሰ። በማኅበር አባልነት ሰው ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው፣ አንቀጽ 26 በግልጽ ይለዋል። አላሰናበትንም አሉ። ጊዜው አልቆ ነው አሉ። ከቀሩት ስድስቱ አራቱ ስማችንን ሰርዝልን ብለው መጡ። ሰረዝኩ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወር ያህል ዝም አልኩ።

ሠፈራችን ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ነገሩን ሳጫውታቸው ብዙ አላዘኑልኝም። «ልጄ፣ እኛም በዚያው ነው ያለፍነው። መጀመሪያ ማን ማኅበር ይለዋል? እድር ነበር የምንለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም። ሠራተኛው በእድርና በመረዳጃ ስም ነበር የሚሰባሰበው። በ1955 ማኅበራቱ ተባብረው ኮንፌዴሬሽን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ሰው ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በ1966 የካቲት መጨረሻ፣ ያ ኮንፌዴሬሽን አገሩን ለአራት ቀን ሥራ አስቆመ። አዛውንቱ ያንን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የጠየቁኝ ግን ስለ አድማ አይደለም። «ሴቶቹ ዕቁባቸውን ማን ጋ ነው የሚያስቀምጡት?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ልብ ብላችሁ እዩልኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ስለ አንቀጽ ሳወራ ይህንን አልጠየቅኩም።

ጠይቄ ደረስኩባት። ኳሊቲ ክፍል የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት ነች። ዕቁቡን የምትሰበስበው እሷ። አባት የሞተበት ሲኖር መዋጮውን ይዛ ቀብር የምትሄደው እሷ። ደብተሯን አሳየችኝ። የስንት ሰው ስም! የሁሉም ብር እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል። ይህ ሁሉ ሰው ገንዘቡን ያለ ደረሰኝ አምኖ ሰጥቷታል። እኔ ደግሞ ከማላውቃቸው ሰዎች ፊርማ እለምናለሁ።

የቀረውን የሠራችው እሷ ነች። እኔ መተዳደሪያ ደንቡን ጻፍኩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሷ ቤት ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ። የገብስ ቆሎ ቀረበ። አሥራ አራት ሰው ፈረመ፤ ስማቸውን ያሰረዙት አራቱም ነበሩበት። ሰብሳቢ እሷ ሆነች። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ የሄደው በቀጥታ ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል ይላል፣ ተሰጠን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙ ነው፤ ድርድሩ፣ ኩርፊያው፣ ያልተፈረመው የኅብረት ስምምነት። ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። የማታው ሰርቪስ ግን ተገኘ። መጀመሪያ የጠየቅነው እሱን ነበር።

የምዝገባው ምስክር ወረቀት የወጣ ቀን ማታ መርሐቤቴ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ስነግራት እልል አለች። ከኋላዋ እናቷ «ምንድነው?» ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ «ጋሼ፣ የኔ ስም አለበት?» አለችኝ።

አልነበረበትም። ሠራተኛ ያልሆነ ሰው አባል ተብሎ አይመዘገብም። የለበትም አልኳት። ትንሽ ቆየችና «እሺ» አለች።

ዛሬ ከሚካኤል ማኅበር ስመለስ ያችን የመጀመሪያዋን ወረቀት ከሳጥኔ አወጣሁ። አራቱ ስም ላይ የሰረዝኩት መስመር አለ። የሷ አልተሰረዘም። ከላይ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ ፊደሏ ትልልቅ ነው።

ነገ እደውልላታለሁ።