ኒዮኑ ሲጠፋ የሰማነው

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ንባብ ክፍል ነው። ክረምት ላይ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ገደማ ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ የእንስሳት ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ መርጦ ተቀመጠ፤ ሁለት ገጽ እንደ ገለጠ ግን ጆሮውን በእጆቹ ደፍኖ ጠረጴዛ ሥር ገባና ይጮህ ጀመር። አንድ አባት ቀና ብለው «ቤተ መጻሕፍት እኮ ነው! ልጅሽን ያዢ እንጂ» አሉ። እናትየዋ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ልጁን ስትጎትተው ጩኸቱ ባሰ።

አብራኝ የምትሠራው እትዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልጁን አልነካችውም። «የኔ እህት፣ ምን ይሆን የሚረብሸው?» ስትል ጠየቀች። እናትየዋ በጣቷ ጣራውን አሳየች። ኒዮኑን ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩ፤ ዓመታት አብሮን የኖረውን ጢዝ የሚል ድምፅ ያኔ፣ ሲቋረጥ ሰማነው። ልጁ ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ፤ መጽሐፉንም ጠረጴዛ ሥር እንዳለ ተቀበለን።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። የቤታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ በአሮጌ ባላስት (ወደ ኒዮኑ የሚገባውን ኤሌክትሪክ በሚመጥነው ዕቃ) የሚሠራ ኒዮን ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ባላስቱም ያጉረመርማል። የብዙዎቻችን ጆሮ ይለምደውና ያልፈዋል። የማያልፍላቸው ልጆች አሉ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ ከልክ በላይ መረበሽን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ኦቲዝም ሳይኖርባቸው እንዲሁ የሚቸገሩም አሉ።

እናትየዋ ሰው በማይበዛበት ጠዋት እንድትመለስ ለመንናት፤ መጣች። በልጆቹ ዝቅተኛ ወንበር ላይ አስቀምጣን «እስቲ ዝም ብላችሁ ስሙ» አለችን። ወንበር ሴራሚኩ ላይ ሲጎተት ይፋጫል። እኛ መጽሐፍ ስናውስ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ እንደበድባለን። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም።

በር ላይ ያለው ጫማ ሰፊ አሮጌ ከመነዳሪ በትንንሹ ቆርጦ በየወንበሩ እግር ሥር በማስቲሽ ለጠፈልን፤ ፍጭቱ ቀረ። ከማኅተሙ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አነጠፍን። የግድግዳውን ሥዕል ግማሹን አነሣን። በመደርደሪያ የተከለለ ጥግ አዘጋጅተን ምንጣፍ ዘረጋንበት፤ በር የለውም፤ ልጁ ሲፈልግ ይገባል፣ ሲበቃው ይወጣል። በዚህ ላይ እናትየዋ ጥብቅ ነበረች፦ «ሲጮህ ተይዞ የሚወሰድበት ቦታ ካደረጋችሁት እስር ቤት ይሆንበታል። ደኅና ሲሆን አሳዩት፤ ራሱ ይመርጠዋል።» ጥጉ ከሠራነው ሁሉ የላቀ ነው ብዬ የማምነው ስለዚህ ምክር ነው። የክረምቱን ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ ማስቆም አይቻልም፤ ለእሱ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን የጆሮ መከላከያ በልጆች መጠን ገዝተን ጥጉ ላይ ሰቀልን።

ኃላፊያችን «ይህ ሁሉ ለስንት ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ያናደደኝን ያህል ልመልስለት ይገባኝ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ እነዚህ ልጆች በየቤቱ ተሸሽገው ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቹ ከቤት አይወጡም። ክፍሉ ካልተመቻቸ አይመጡም፤ ካልመጡ ደግሞ የሉም ተብሎ በጀት ይከለከላል። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ የሕፃናት ክፍሉ አምፖል እንዲቀየርም ፈረሙ።

የአዋቂዎቹ አዳራሽ ግን ገና በአሮጌው ኒዮን ነው። ልጆቹ አድገው ወደዚያ መሻገራቸው አይቀርምና እኔና እትዬ ለመጪው በጀት የግዥ ጥያቄውን ጽፈን አስገብተናል።