የሳቢያኗ ደንበኛችንና አላብብ ያላት አፕል

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ችግኝ ጣቢያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የግንቦት ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ሳቢያን ከሚባለው ሰፈር አንዲት ሴት ስልኳን ከፍታ መጣች። ፎቶው ላይ ከሰው ትከሻ የማይበልጥ፣ በቀይ ፍሬ የተሸፈነ የአፕል ዛፍ ይታያል። «ይሄንን ነው የምፈልገው» አለችኝ። ሌላ ቦታ «ድንክ አፕል» ተብሎ የተሸጠላት ችግኝ ጓሮዋ ውስጥ አለ፤ ግን አበባ አሳይቷት አያውቅም። የሚያብብ ፈልጋ ነው እኛ ጋ የመጣችው።

አስመጥተን ልንሸጥላት እንችል ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት አንጋፋ አትክልተኛ ግን «በመጀመሪያ ጓሮሽን አሳዪን» አሏትና በባጃጅ ሄድን።

ጓሮው ከኩሽናው ጀርባ ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ በአንዱ ጥግ ሮቶ፣ በሌላው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን። ጋሼ ጎንበስ ብለው አንዱን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጀምረው በጣታቸው ተከተሉት። እንጨቱ እስከ ጫፉ ድረስ ራቁቱን ነው፤ እንቡጦቹ ሳይፈቱ ተጣብቀው ቀርተዋል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ተሰብስቧል። «ብርድ ያጣ አፕል እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉ።

ሻጩ ስለ ቁመቱ አልዋሸም። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የተዳቀለበት እብጠት ይታያል። አፕልን የሚያሳጥረው ከሥር ያለው ግንድ ነው፤ እንግሊዝ አገር ኢስት ሞሊንግ ከሚባለው የምርምር ጣቢያ የወጣው ኤም 9 የተባለ ሥር በዚህ የታወቀ ነው። ሥሩ ያሳጥረዋል እንጂ የብርድን ቦታ አይተካም። ብዙዎቹ የአፕል ዝርያዎች እንቡጣቸው እንዲነቃ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ማግኘት አለባቸው። አና የተባለችው በትንሽ ብርድ የምትረካ ዝርያ እንኳ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ትፈልጋለች። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አፕል ታበላለች። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊት እንኳ ወደዚያ ብርድ አትጠጋም።

ልጅቷ ከፋት። ዓመታት ውኃ ስታጠጣው ነው የኖረችው፤ እኔም አዘንኩ። «አቦ ጋሼ፣ እሺ ድንክ ሎሚ ስጡኝ» አለች። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንድታመጣ ጠየቋት። ክዳኑን ከፍተው አሳዩን፤ ውስጡ በነጭ የኖራ ቅርፊት ተለብጧል። የድሬን ውኃ የሚያውቅ አይገረምም። አፕሉ ሥር ያለው አፈርም ውኃው በደረቀበት ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ሠርቷል። ሎሚንና ብርቱካንን በጣም የሚያሳጥረው ሥር ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነ የብርቱካን ዘመድ ነው፤ እሱ ደግሞ ኖራ አይችልም። ኖራ በበዛበት አፈር ብረት መሳብ ያቅተውና ከላዩ ያለው ቅጠል ይገረጣል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። እኔ ያንን ቀን ያየሁት አሠራር እስካሁን አልተለየኝም፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ማንቆርቆሪያው ምን እንደሚመስል እጠይቃለሁ።

የመረጥንላት ሮማን ነው። ሙቀቱንም ኖራውንም ይችላል፣ አበባው ብቻውን ጓሮ ያደምቃል። ከወገብ የማይበልጥ ድንክ ሮማንም አለ፤ ፍሬው ግን ትንሽና ለዓይን ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ልጆቿ እንዲበሉ ትፈልጋለች። ስለዚህ ፍሬውን ቀምሰን ከምናውቀው እናት ዛፍ በቁራጭ የተባዛውን ሰጠናት። ከዘር የበቀለ ቢሆን ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚመጣ አይታወቅም። ቁመቱን መቀስ ይጠብቀዋል፦ ሦስት አራት ግንድ ማስቀረት፣ ከሥር የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ ማንሳት፣ ከእጅ በላይ የሄደውን መቁረጥ። ሐምሌ ላይ፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ አርቀን፣ ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ተከልነው። ውኃውን እንዳታዛባ አደራ አልናት፤ ተጠምቶ ከርሞ ድንገት የጠጣ ሮማን ፍሬው ይሰነጠቃል።

በሁለተኛው ዓመት ደወለች። ድምጿ ተጨንቋል፤ «አበባው እየረገፈ ነው!» ስልኩን ለጋሼ ሰጠኋቸው። «የረገፈውን አንሺና ታቹን እዪው» አሏት። ቀጭን ነው አለች። «እሱ ወንዱ ነው፣ መርገፉ አይቀርም። አሁን ዛፉ ላይ ያለውን እዪ፤ ሆዱ ወፈር ያለ አለ?»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።