ያው አራት ኢንች ነው

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ይህ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም እኮ። ድሮ ትንሽ አጉረምርሞ ዝም ይል ነበር፤ አሁን እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስት ያድራል» አሉኝ።

ማሽን የሚሉት በምድር ቤቱ ጥግ የተቀመጠውን አየር የሚያምቅ ኮምፕሬሰር ነው። እኔ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በተሠራ የመኖሪያ ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ምድር ቤቱ ማሞቂያ የለውም። ስለዚህ እሳት ሲነሣ ከጣሪያው ውኃ የሚረጨው የስፕሪንክለር ቧንቧዎች በብርዱ ወራት በረዶ ሠርተው እንዳይፈነዱ በውስጣቸው ያለው ውኃ ሳይሆን የታመቀ አየር ነው። አየሩ ውኃውን ያገደውን አንድ ትልቅ ቫልቭ ተጭኖ ይይዛል። እሳት ሲነሣ የስፕሪንክለሩ አፍ ይከፈታል፤ አየሩ ሲወጣ ቫልቩ ይለቅና ውኃው ይከተላል። ኮምፕሬሰሩ ዕረፍት ካጣ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

መሰላል ላይ ወጥቼ የሳሙና ውኃ በብሩሽ እየቀባሁ ሄድኩ። አንድ መጋጠሚያ ሥር ስደርስ አረፋው ፍልቅ ፍልቅ አለ። ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች ቧንቧውን እንደ አምባር አቅፈው በሁለት ብሎን ይታሰራሉ፤ ከሥራቸው የጎማ ቀለበት አለ። ቀለም በቀለም ላይ ስለተደራረበበት የተጻፈበት ነገር አይነበብም። ጎማውን ብቻ ልቀይር ብዬ ወደ መደብር ሄድኩ። ሻጩ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አየና አዲስ መጋጠሚያ እንዳለ አቀበለኝ። ያው አራት ኢንች ነው አልኩ።

አየሩን አስተንፍሼ አሮጌውን ስፈታው ውስጡ ጥርስ ነበረው። ቧንቧው ላይም ጥርሱ የነከሰበት ጠባሳ ዙሪያውን ይታያል። እዚያ ላይ ነበር መቆም የነበረብኝ። አዲሱ መጋጠሚያ ጥርስ የለውም፤ የሚይዘው ከንፈሩን በቧንቧው ጫፍ ዙሪያ በተሠራ ቦይ ውስጥ ከትቶ ነው። በአራት ኢንች ቧንቧ ላይ የቦዩ ጥልቀት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ቧንቧ ግን ልሙጥ ነበር። ብሎኖቹን ባጠብቃቸው ባጠብቃቸው ሁለቱ ግማሾች አልገጠሙም፤ በመካከላቸው ሳንቲም የሚያሾልክ ክፍተት ቀረ። እኔም ረዘም ያለ ቁልፍ ፈልጌ ይበልጥ አጠበቅሁት። አየር ሞላሁ፣ ሳሙና ቀባሁ፤ አንድም አረፋ የለም። እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ደወሉ። «ልጄ፣ ድረስ! ምድር ቤቱ ዓባይ ሆኗል!»

ሒሳቡን የሠራሁት በኋላ ነው። በአንድ ካሬ ኢንች 40 ፓውንድ የሚገፋ አየር የአራት ኢንች ቧንቧን ጫፍ ወደ ሦስት ኩንታል በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። ያንን ሦስት ኩንታል የያዘው የጎማና የብረት ፍትጊያ ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተንሸራትቶ ለቀቀ። አየሩ ሲወጣ ቫልቩ እሳት የተነሣ መሰለውና የተፈጠረበትን ሥራ ሠራ።

ውኃውን ዘጋን፣ ቫልቩ ላይ መዘጋቱን የሚናገር ቀይ ካርድ አንጠለጠልን። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ቁጥር 25፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ ስፕሪንክለር ያጣ ሕንፃ ሰው እንዲያስወጣ፣ እሳት የሚጠብቅ ዘብ እንዲያቆም ወይም ሌላ መከላከያ እንዲያዘጋጅ ያዛል። እኛ ዘብ ማቆምን መረጥን። ዘቡ እኔ ሆንኩ። እስኪነጋ ባትሪ ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ አደርኩ፤ ጫማዬም እንደራሰ ነበር።

ጠዋት ፈቃድ ያለው ተቋራጭ መጣ። መጀመሪያ ያነሣው ቁልፍ ሳይሆን የሽቦ ብሩሽ ነው። አሮጌውን መጋጠሚያ ፈገፈገና ከቀለሙ ሥር የሠሪውን ስምና የሞዴል ቁጥሩን አወጣ። ለልሙጥ ቧንቧ የተሠራ፣ መመረቱም ከቆመ የቆየ ዓይነት ነው። ያንን ቧንቧ አስወጥቶ ጫፎቹ ላይ ቦይ ያለው አዲስ አስገባ። እኔ ጎማውን ለማለስለስ የመኪና ግሪስ ባቀብለው በዓይኑ ገላመጠኝ፤ ያ የጎማ ዓይነት እንደ ግሪስ ያለ ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ሲነካው ያብጣል ለካ።

ከዚያ በብሩሹ ምድር ቤቱን ሙሉ ዞረ። 23 ተመሳሳይ መጋጠሚያ አገኘ፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር በጀት ለ14ቱ በቃ። የቀሩት ዘጠኙ ቢጫ ቀለም ተቀብተው ተራ ይጠብቃሉ። አለቃዬ ለጋሼ ምንም አልነገራቸውም፤ እርሳቸው ግን ከቢጫው ሥር ያሉትን ቦታዎች በገመድ አጥረዋል። ቦታ ጠብቦ ነዋሪው ቢጨቃጨቅም አንድ መኪና አያስቆሙም።