ቤዙን ሳልሰማ የጻፍሁት ሂስ

በወር አንድ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ወዳጃችን ቤት የምንሰበሰብ ስምንት የሙዚቃ አድማጮች ነን። ተራው የደረሰው ሰው አንድ አዲስ አልበም ይመርጣል፤ ሐያስያን ስለ አልበሙ የጻፉትን አሰባስቦም ከራሱ ፍርድ ጋር ያነብልናል። ባለፈው ክረምት ተራው የእኔ ስለነበር፣ አራት ወጣቶች ያለ አሳታሚ በራሳቸው ወጪ ያስቀረጹትን የሮክ አልበም መረጥሁ። ስማቸውን የማልጠቅሰው ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነርሱ ስላልሆነ ነው።

አልበሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ የጆሮ ማዳመጫዬ በመበላሸቱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። አለልቱ ላይ የጀመርሁትን ጫጫ ሳንደርስ ጨረስሁትና የዚያኑ ዕለት ማታ ሦስት ገጽ ጻፍሁ፦ ድምፁ ሳስቷል፣ ቤዝ ጊታሩ የለም፣ በአራተኛው ዘፈን ጊታሩ ቅኝቱን ስቷል፣ ድራሙ ዘፋኙን ውጦታል።

ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው ሁለት ሂሶች ፈጽሞ አይስማሙም፤ አንዱ አልበሙን ያወድሳል፣ ሌላው ፈረንጅ መሰል ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ሮክ የእኛ ነው አይደለም በሚል ክርክር ተጠምደው ስለ ድምፁ እምብዛም አላነሡም። እኔም የሙዚቃ ሂስ እንደሚያወጣው ድረ ገጽ እንደ ፒችፎርክ ከ10 ነጥብ ልሰጥ አስቤ 5.4 ብዬ ጽፌ ነበር። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐያስያንን ነጥብ ከ100 እያሰላ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ የተባለ ድረ ገጽ ትዝ ሲለኝ ግን ቁጥሩን ተጠራጠርሁት፤ የአንድ አወዳሽና የአንድ ነቃፊ አማካይ ማንም ያላሰበውን «መካከለኛ» የሚል ፍርድ ይሰጣልና። ደግሞስ ፍርድ መቼ ይረጋል? ዊዘር የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሁለተኛ አልበም የሮሊንግ ስቶን አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎዎች መድበውት ነበር፤ ያው መጽሔት በ2004 እ.ኤ.አ. አምስት ኮከብ ሰጠው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጽሑፌን ሳላርም ይዤ ሄድሁ።

አንብቤ ስጨርስ፣ በሠርግ ኪቦርድ የሚጫወተው የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ «አንተ ልጅ፣ በምንድን ነው የሰማኸው?» አለኝ። በስልክ መሆኑን ስነግረው ምንም ሳይመልስልኝ አልበሙን ለሠርግ በሚያከራያቸው ትልልቅ ስፒከሮች ለቀቀው። ቤዙ ሲገባ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የስልክ ትንሽ ስፒከር ያንን ያህል ወፍራም ድምፅ የማውጣት አቅም የለውም። እኔ «የለም» ያልሁት ስልኬ ያላሰማኝን ነበር።

አራተኛው ዘፈን ሲደርስ ደግሞ ጋሼ ኪቦርዱን ከፍቶ አምስት ድምፆች ደጋግሞ መታልኝ። «አንቺ ሆዬ እኮ ነው» አለ። ይህ ቅኝት ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራመድ፣ በጊታር አንገት ላይ ጣት ከአንድ ፍሬት (አንገቱን ከሚከፋፍሉት የብረት ዘንጎች አንዱ) ወደ ቀጣዩ ብቻ ይሸጋገራል፤ እኔ የተሳሳተ ክር መስሎኝ የነበረው ይኸው ነው። በሠርግ ቤት በዚህ ቅኝት እየጨፈርሁ ያደግሁ ሰው፣ በተጎረበጠ የጊታር ድምፅ ሲመጣብኝ አላወቅሁትም። ከሁሉ ያፈርሁት በዚህ ነው።

ጽሑፉን እንደገና ስጀምር አልበሙን በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለቱን በጋሼ ስፒከር፣ አንዱን በተዋስሁት የጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እያንዳንዱን ነቀፌታ ከዘፈኑ ደቂቃና ሰከንድ ጋር አያያዝሁ፤ ቦታውን ማሳየት ያቃተኝን ሰረዝሁ። የሌሎችን ሂስ የከፈትሁት የራሴን ማስታወሻ ከጨረስሁ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ካነበብሁ ጆሮዬ የእነርሱን ክርክር ብቻ ይፈልጋልና። ነጥቡንም ተውሁት። ከሦስቱ ገጽ የተረፈው አንድ ገጽ አይሞላም፤ ድራሙ ዘፋኙን ውጦታል ያልሁት ግን በጋሼ ስፒከርም ያው ስለሆነ አልነካሁትም።