ሥጋው የማይበላ አደን

እኛ መሥሪያ ቤት ባለሙያና ሹፌር አብረው ነው የሚያረጁት። ሥራችን የቡና ነው፤ መስክ ሳይወጣ አይሠራም። ከጅማ በማለዳ እንነሳለን፣ አጋሮ ቁርስ እንበላለን፣ ከዚያ ወደ ጌራ እንታጠፋለን። አስፋልቱ ሲያልቅ ፒስታው ይቀጥላል፣ ፒስታው ሲያልቅ ደግሞ በእግር ነው። የሹፌር ሥራ እዚያ ጋ ያበቃል። ብዙዎቹ ወንበራቸውን ለቀቅ አድርገው ይተኛሉ። የእኔ ሹፌር ጋሼ ግን መኪናውን ዋንዛ ጥላ ሥር ያቆሙና ቦቲያቸውን አጥልቀው፣ ዱላቸውን ይዘው ይቀድሙኛል።

በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ጦር ይዘው፣ ውሻ አስከትለው ጫካ ለጫካ ሲዞሩ ነው ያደጉት። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ክልክል ነው። ጋሼም ድኩላ ሲያጋጥማቸው ቆመው ከማየት ሌላ አያደርጉም ነበር። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ካዩማ የጀመርነውን ወሬ ሁሉ ያቋርጡታል። «ዝም በል፣ እየው» ነው የሚሉኝ።

የዱር አሳማ ግን ሌላ ነው። ቀን ጫካ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት መንጋውን ይዞ ማሳ ይገባል። አንድ ሌሊት ከገባ በቆሎውን ጥሎ፣ ጎደሬውን ነቅሎ፣ ያልበላውንም ረግጦ ነው የሚሄደው። አርሶ አደሩ ማማ ላይ ሆኖ ሲጮህ ያድራል። ሲብስበት መንደሩ በሙሉ ይጠራራና ከጫካው ዳር ለማባረር ይወጣል። ጋሼ የሚወጡት ለዚህ ነበር። መስክ ላይ እያለን ከተገጣጠመ እኔም አብሬ እወጣለሁ።

አሳማውን ማንም አይበላውም። ሙስሊሙም አይበላም፣ ክርስቲያኑም አይበላም። ከተገደለ ለውሻ ነው። መጀመሪያ እህሉን ለማዳን ብቻ የሚወጡ ይመስለኝ ነበር። እያደር ነው የገባኝ። በዚያ ቀን በጠዋት በጨው የተፈላ ቡና ይጠጣል። ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የድንበር ጠብ፣ የልጅ ሰርግ፣ የቡና ዋጋ፣ ሁሉም እዚያ ይነሳል። አሳማው ሳይገኝ የተመለስንባቸው ቀናት ይበዛሉ። ጋሼ ከእነዚያ ቀናት አንዱንም ከሰረ ብለው ሲቆጥሩ አልሰማሁም።

መንገድ ላይ ያስተማሩኝን ዩኒቨርሲቲ አላገኘሁትም። አንድ ጊዜ የተቆፈረ ጎደሬ አጠገብ ቁጢጥ አሉና ጣታቸውን ኮቴው ውስጥ ከተቱ። «ጠርዙን እየው። ስለት ከሆነ ዛሬ ሌሊት ነው ያለፈው። ከተናደ ትናንት ነው፣ አትልፋ» አሉኝ። ጣቴን ይዘው ጠርዙን አስነኩኝ። አፈሩ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነበር። ቡናም ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ልጅ ነበሩ፤ የአባታቸው ቡና ዛፉ ላይ ጠቁሮ ሲረግፍ አይተዋል። በሽታውን እንዲቋቋሙ ተመርጠው የተሰራጩትን ዝርያዎች ከመኪና ሳይወርዱ ይለያሉ። «ይቺ 74110 ናት፤ አጭር፣ ቅጠሏ ትንሽ» ይሉኛል። ቁጥሩ መነሻ ላይ ያለው 74 የተመረጠችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974 ማለት እንደሆነ መጀመሪያ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ያለፈው ሰኔ ታመሙ። ብዙም አልቆዩ፤ አረፉ።

ለቅሶው ላይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ መጣ። ገንዘብ ተዋጣ፣ ድንኳን ተቀመጥን። ከዚያ ሌላ ሹፌር ተመደበ፤ ሥራው ቀጠለ። ቢሮ እንደዚያ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሐዘኑ የወጣልኝ ጌራ ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ ለማየት ስንወርድ በየደጁ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ጋሼስ?» በየቤቱ ያንኑ መርዶ መንገር ነበረብኝ። ሰዎቹ መቆፈሪያቸውን ይጥላሉ፣ «ኢና ሊላሂ» ይላሉ፣ ተቀመጥ ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ ገብተው ሞረድ ይዘው ወጡ። ለቆንጨራቸው ከጅማ ገዝተው ያመጡላቸው ጋሼ ናቸው። «ከፍዬው አላውቅም፣ አልቀበልም አለኝ» ብለው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም እዚያው አለቀስኩ። ያን ቀን አንድም ፎርም አልሞላሁም።

ነሐሴ ላይ በቆሎው እሸት ሲይዝ አሳማው መጣ፣ መንደሩም ተጠራራ። እኔም ነበርኩ። ግማሹ ከውሾቹ ጋር ጫካ ይገባል፣ ግማሹ መውጫ መውጫው ላይ ይቆማል። የጋሼ ቦታ የወንዙ መሻገሪያ ነበር፤ ሁሌም እዚያ ነበር የሚቆሙት። በእሳቸው ፋንታ አንድ ወጣት ቆመ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጦሩን ይዞ መንገዱ መሀል ቀጥ ብሎ ጠበቀ።

ትልቅ ወንድ አሳማ ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚያቆመው የለም። ልጁን ከመሬት አንስቶ ጣለው፣ ጭኑን በክራንቻው ቀደደው፣ ውሃውን ተሻግሮ ጠፋ። ልጁን በቃሬዛ እስከ መኪናው ተሸከምነው። አዲሱ ሹፌር ተኝቶ ነበር፤ ደሙን ሲያይ ክው አለ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ተሰፋ፣ መርፌ ተወጋ፣ ደህና ሆነ።

ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ባለ ሞረዱ ሽማግሌ፣ «እሱ መሀል መንገድ ቆሞ አያውቅም» አሉ። ጋሼ የሚቆሙት ከመሻገሪያው በላይ ካለው ቀረሮ ጀርባ ነበር። አሳማው ቁልቁል ሲወርድ መዞር አይችልም፣ ቀጥታ ነው የሚያልፈው። ጋሼን ሁላችንም ስንት ጊዜ እዚያ ዛፍ ሥር አይተናቸዋል። ዝናብ ለመጠለል ይመስለን ነበር።

በየወሩ ሪፖርት እንጽፋለን። ስንት ችግኝ፣ ስንት ሄክታር፣ ስንት አርሶ አደር። ስለዚያ ዛፍ የትኛውም ሪፖርት ላይ የለም። ከጋሼ ጋር በእግር በመሄድ ብቻ የሚገኝ ነገር ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ያገኘሁት ሁሉ የተገኘው እንደዚያ ነው። ሞታቸው የከበደኝም ለዚህ ነው። አብረው የሚሄዱት ሰው ሲጠፋ መንገዱም ይጠፋል።

አዲሱ ሹፌር ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ አይተኛም። ጠርቼው አይደለም፣ ራሱ ነው የሚወርደው። ባለፈው ጎደሬ ማሳ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ «ይሄ የዛሬ ነው የትናንት?» አለኝ። ጣቱን ይዤ ጠርዙን አስነካሁት።

ለጥቅምት ባዘጋጀሁት የመስክ ፕሮግራም ላይ ግማሽ ቀን ጨመርኩ። አለቃዬ፣ «ይቺ ግማሽ ቀን ምንድን ናት?» አለኝ። «ከሰዎቹ ጋር በእግር መዞሪያ» አልኩት። ስለ ልጁ ጭን ነገርኩት፤ ስለ ቀረሮው ነገርኩት፤ ስለ ጋሼም ነገርኩት። አበሉን አሰላና ፈረመ።