ወፍጮ ከነመጁ

ደሴ ውስጥ የሙዚየም ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ትልቅ ስክሪን መግዛትን ነው። እኔ ግን የሰው ድምፅ ይቅደም ባይ ነኝ።

በየሙዚየሙ ከዕቃው ሥር ያለችው ወረቀት «የድንጋይ ወፍጮ» ብላ ታበቃለች። አንዲት የሰፈራችንን እናት ስለ ወፍጮ ጠይቄ በስልኬ ቀዳኋቸው። «ልጄ፣ ወፍጮ እኮ ይወቀራል» ብለው ጀመሩ። ድንጋዩ ሲልም እህሉ እየተንሸራተተ አልደቅ ይላል፤ ያኔ ፊቱን በድንጋይ እየቀጠቀጡ ያሻክሩታል። በተወቀረ ማግስት የሚወጣው ዱቄት አሸዋ አለበት፣ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ሌሊት የማን ቤት እንደሚፈጭ ከመጁ ድምፅ ይለዩ እንደነበርም ነገሩኝ። ይህን ሲያወሩ ሁለት እጃቸው መጅ እንደያዘ ሰው ወደፊትና ወደኋላ ይመላለስ ነበር።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተቆርጦ፣ ከወፍጮው አጠገብ በኪው አር ኮድ ቢቀመጥ በቂ ነው። ቪዲዮ ዓይንን ወደ ስልክ ይወስዳል፤ ድምፅ ግን ዓይንን ለድንጋዩ ይተውለታል። ጎብኚው እየሰማ የተወቀረበትን ምልክት ራሱ ይፈልጋል። በእርግጥ ፋይሉ ቀላል፣ መስማት ለማይችል ሰውም ጽሑፉ አብሮት መሆን አለበት። የተናጋሪዋ ፈቃድም ሳይጠየቅ አይታለፍም።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለው፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው የታሰሩ ሰዎች ነበሩበት። ያየውን የሚናገር ሰው ፊት ማንም ቸኩሎ አያልፍም። ሰው ግን ያረጃል፤ ሳይዘገይ መቅዳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለደሴ ጉዳዩ ይብሳል። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት የነበረው ሙዚየማችን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። ዕቃው ባይኖርም ያስጎበኙት፣ አቧራውን ያራገፉት፣ ከቤታቸው አውጥተው የሰጡት ሰዎች አሉ። የቱ ጋ ተሰንጥቆ እንደነበር፣ በምን እንደተጠገነ ቢናገሩ ለጎብኚው ታሪክ ይሆናል፤ ዕቃው አንድ ቀን ገበያ ላይ ብቅ ቢል ደግሞ መለያ ነው።

ከዝርፊያው በፊት እዚያ ግቢ ገብታችሁ ፎቶ የተነሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ አልበማችሁንና የድሮ ስልካችሁን ፈትሹ። ከጀርባችሁ የሚታየው መደርደሪያ ላይ ምን እንደነበረ አይታችሁ፣ የምታስታውሱትን በድምፅ ቅዱልን።